ከስቱኮው ሥር፦ የአንዲት ፊያት 124 ስፓይደር የቦዲ ሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 7፣ 2017

ማግኔት ይዤ ዞርኳት። ከፍሪጅ በር ላይ የነቀልኩት ትንሽ ማግኔት ነው፤ ቀለሙን እንዳይቧጭር በካልሲ ጠቅልዬዋለሁ። ኮፈኑ ላይ ጥብቅ አለ። ቀኝ በር ላይም እንደዚያው። የግራው በር ታችኛው ሲሶ ላይ ሲደርስ ወደቀ። የኋላ ግራ ጎማ ቅስት ላይም ወደቀ። ከግራው በር ሥር ባለው ረጅም ሳጥን ብረት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ቦታ አልያዘም። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ላሜራ መሆን የነበረበት ነገር፣ ቢያንስ ላዩ፣ ላሜራ አይደለም።

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት። የ1969 እ.ኤ.አ. ስሪት፣ ሞተሯ 1438 ሲሲ። አጎቴ "ሙሉ በሙሉ የታደሰች" ተብሎ የገዛት ናት። ቀይ ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሆነህ ስታያት ልብ ትሰርቃለች። ጠጋ ስትል ግን የግራው በር ከኋላ ጠርዙ ላይ ከላይ 4 ሚሊ ክፍተት አለው፣ ከታች 9። ሲዘጋ በእጅ ወደ ላይ ማንሳት ይፈልጋል። አጎቴ "አሮጌ መኪና ነው፣ ምን ታደርገዋለህ" እያለ ለምዶት ነበር።

ሥራው የሚሠራው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ግማሹ ቆርቆሮ የለበሰ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት የሚኒባስ መካኒኮች ጎረቤቶቼ ናቸው። የቦታው ኪራይ በወር 6,000 ብር። ጥሩነቱ ሶማሌ ተራ በእግር ይደረሳል። አንድ ቡሎን ሲጠፋ ታክሲ አያስፈልግም።

ኅዳር 14

ባትሪ ተፈታ። የቤንዚን ታንኩ ወጥቶ ግቢው ዳር ተቀመጠ። ወንበር፣ ምንጣፍ፣ ፓራውልት፣ መብራቶች፣ ሁሉም ወረዱ። እያንዳንዱን ቡሎን ከየት እንደወጣ በወረቀት ጽፌ በፌስታል አሰርኩ። ካለፈው ሥራዬ የተማርኩት ብቸኛ ነገር ይሄ ነው።

ከዚያ ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሜ ገባሁበት። ቀዩ ቀለም፣ ከሥሩ ግራጫ ፕራይመር፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከሥሩ ጥቁር ሰማያዊ። ሰማያዊው የፋብሪካው ይመስለኛል፤ ዳሽቦርዱ ሥር ማንም ያልደረሰበት ቦታ ላይም እሱው ነው ያለው።

ቅስቱ ላይ ስቱኮው አልጨርስ አለኝ። በካቻቢቴ ወግቼ ስለካው 22 ሚሊ። ስቱኮ ላሜራው ከተስተካከለ በኋላ ለቀረች ትንሽ ጎድጓዳ የሚቀባ ነገር ነው፤ ከ2 ወይም 3 ሚሊ በላይ ከሆነ ግድግዳ ነው የተለሰነው። እየፈነቀልኩ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ከሱቅ ሚዛን ተውሼ ስመዝነው 11 ኪሎ ተኩል። ስፖርት መኪና ናት እንግዲህ። በበነጋታው ቁራሌው መጣ፣ ባልዲውን አይቶ "ይሄ ምንም አይሆንም" ብሎ ሄደ።

ማስክ ሳላደርግ አንድ ሰዓት ሠርቼ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳልኩ። የስቱኮ ዱቄት ብቻ አይደለም፤ የዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ባለ ካርትሬጅ ማስክ 1,800 ብር ተገዛ። መጀመሪያ መገዛት ነበረበት።

ኅዳር 21

የሳጥኑን ስቱኮ ጨረስኩ። ከሥሩ ያገኘሁት ነገር መጀመሪያ አልገባኝም። ቢጫ ነገር ላይ ቀይና ሰማያዊ ፊደል። በቲነር ስጠርገው ተነበበ፦ የዘይት ጣሳ ነው። የእርዳታ ዘይት የሚመጣበት፣ እናቶቻችን ውሃ የሚቀዱበት፣ ምናለሽ ተራ ምድጃና ማሰሮ የሚሆነው ያ ጣሳ። ተዘርግቶ፣ በመዶሻ ተጠፍጥፎ፣ በሪቬት ተሰፍቶ፣ ስቱኮ ተለስኖበት፣ ቀይ ተቀብቷል። አራት ጣሳ ቆጠርኩ።

ከጣሳው ሥር እውነተኛው ሳጥን አለ፣ ወይም ነበር። እጄን አስገብቼ እፍኝ ሙሉ ዝገት አወጣሁ። ሳጥኑ ከታች ውሃ የሚያወርዱ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ሁሉም በስቱኮና በሬንጅ ተደፍነዋል። ስለዚህ የገባው ውሃ ሁሉ እዚያው ተኝቶ ብረቱን በላው። የበሩም የታች ቀዳዳዎች እንደዚያው።

በጣም ተናደድኩ። ጣሳውን አሳያቸው ብዬ አንድ የድሮ ባትላሜራ (የመኪና ላሜራ ቀጥቅጦ የሚያስተካክል) ጋር ሄድኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ከ50 ዓመት በላይ መዶሻ ይዘዋል፤ አሁን የሚሠሩት ሲፈልጉ ብቻ ነው። ጣሳውን ገልበጥ አድርገው የሪቬቱን አሰላለፍ አዩና "እጁ ደህና ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ እንዴት ደህና ይላሉ? ሰው የሚሳፈርበት መኪና ላይ ጣሳ!"

"አንተ ልጅ፣ በደርግ ጊዜ ላሜራ ከየት ይመጣ ነበር? እኔም ጣሳ ሰፍቻለሁ። እሱ ጣሳ በመስፋቱ አልፈርድበትም። ቀዳዳውን መድፈኑ ነው።"

ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ሊያግዙኝ ተስማማን። በቀን 1,500 ብር። ምሳ በእኔ።

ኅዳር 28

ልኬት ብቻ። ከጎማ መሃል እስከ ጎማ መሃል የዚች መኪና የፋብሪካ ልክ 2,280 ሚሊ ነው። ቱንቢ አወረድን፣ ወለሉ ላይ በኖራ ምልክት አደረግን። ቀኙ 2,279፤ አንዷ ሚሊ የሜትሩ ናት። ግራው 2,274። የግራውን በር ክፍት ቦታ በሰያፍ ለካን፣ ከቀኙ ጋር አስተያየን። ልዩነቱ 6 ሚሊ።

ጣሪያ ያላት መኪና ብትሆን ጣሪያው ያግዛል። ይቺ ግን ክፍት ናት፤ የፊቱንና የኋላውን አካል አያይዞ የሚይዘው ወለሉና ሁለቱ ሳጥኖች ናቸው። ግራው ሳጥን ሲበሰብስ መሃሏ ጎበጠ፣ የበሩ አፍ ከላይ ጠበበ፣ ከታች ሰፋ። የቀድሞው ሠሪ በሩን ለማስተካከል የበሩ ጠርዝ ላይ ስቱኮ ጨመረ። መኪናዋ ጠማማ ናት፤ ስቱኮው ቀጥ ያለች አስመስሏታል። አጎቴ ከፍሎ የገዛው ያንን ነው።

ታኅሣሥ 5

የዚህ ሳምንት ሥራ ሁሉ ወደ ኋላ ነው።

ጋሼ ልቅሶ ስላለባቸው አልመጡም። እኔ ደግሞ ማንበብ የምችለውን ሁሉ አንብቤ ነበር፤ ክፍት መኪና ሳጥኑ ከመቆረጡ በፊት የበሩ አፍ በብረት ይታሰራል። ጥሩ። ካሬ ቱቦ ብረት ገዛሁ (1,400 ብር)፣ በሩን አወረድኩ፣ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ ሁለት ቱቦ በየድኩ። ጠንካራ ሥራ ነው፤ ቆሜበት ሁሉ አየሁት። ከዚያ ሳጥኑን ቆረጥኩት።

ማክሰኞ ጋሼ መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩ። "ጎበዝ" አሉ። ቀጥለው "ጠማማውን ነው እኮ ያሰርከው" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ያሰርኩት 6 ሚሊ ከነጎደለው ነው። በዚያው ብቀጥል አዲሱ ሳጥን የድሮውን ጥመት ለዘላለም ይይዘው ነበር፤ እኔም የመጨረሻ መፍትሔዬ የበሩ ጠርዝ ላይ ስቱኮ ይሆን ነበር።

ታኅሣሥ 12

ቱቦዎቹን ቆርጠን አወጣን። ጋሼ ቱቦውን መሃሉን ለሁለት ቆርጠው በመካከሉ ጥርስ ያለው ወፍራም ዘንግና ሁለት ዳዶ አስገቡ። ዳዶው ሲዞር ቱቦው ይረዝማል። ሁለተኛውን በሰያፍ አደረግነው። መኪናዋ በአራት ማቆሚያ ላይ ናት፤ ከመሃሏ ሥር ክሪክ ከሰፊ እንጨት ጋር።

ሩብ ዙር፣ ልኬት። ሩብ ዙር፣ ልኬት። ቡና። ሩብ ዙር። ብረቱ "ቅጭ" የሚል ድምፅ ሲያወጣ ልቤ ይዘላል፣ ጋሼ ደንታም የላቸው። 6 ሚሊ ለማግኘት 8 ሚሊ ገፋነው፤ ስንለቀው ሁለቷን መለሳት። ማታ ላይ በሩን ሰቀልነው። ከላይ 5፣ ከታች 5 ተኩል። ያለ ስቱኮ፣ በአንድ ጣት ተዘጋ። አጎቴን ደውዬ ድምፁን በስልክ አሰማሁት። "ምንድነው እሱ?" አለኝ። የበሩን ድምፅ አላወቀውም።

ታኅሣሥ 26

ሳጥኑ። ከ1966 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ወደ 200 ሺህ ከሚጠጉ ስፓይደሮች አብዛኞቹ የተሸጡት አሜሪካ ነው። ስለዚህ ዕቃውም እዚያ ሞልቷል። ዲሲ ያለው የአክስቴ ልጅ ለገና ይመጣል፤ ዝግጁ ሳጥን ላሜራ ያምጣልኝ አልኩ። ተገዛ። ከዚያ ሻንጣው አጠገብ አቁሞ ፎቶ ላከልኝ። ሻንጣው የላሜራው ወገብ ላይ ነው የደረሰው። ተመለሰ። የበር ጎሚኒና አርማ ብቻ ይዞ መጣ።

እዚሁ ይታጠፍ ተባለ። አንድ ሚሊ ላሜራ፣ አንድ በሁለት ሜትር፣ 3,200 ብር። መርካቶ ማጠፊያ ማሽን ያለው ቤት 600 ብር። የቀኙን ሳጥን በካርቶን ቀርጬ ወሰድኩ። የመጀመሪያው በ3 ሚሊ ሰፍቶ ወጣ፤ ካርቶኑን ስለካ የላሜራው ውፍረት በየእጥፋቱ የሚጨምረውን አላሰብኩም። ሌላ ላሜራ። ሌላ 600። የተበላሸው አልተጣለም፤ የወለሉ መጠገኛ ሆነ።

ጥር 3

ብየዳ። ጎረቤቴ "ለምን ትከራያለህ፣ የኔን ውሰድ" ብሎ ተራ የኤሌክትሮድ ማሽኑን ሰጠኝ። ቁራጭ ላሜራ ላይ ሞከርኩት። በ2.5 ኤሌክትሮድ 0.8 ሚሊ ላሜራ መበየድ በእሳት ወረቀት መስፋት ነው። ነካ ሲያደርግ ቀዳዳ፣ ቀዳዳውን ልሞላ ስል የባሰ ቀዳዳ። ሚግ ማሽን (ቀጭን ሽቦ እያወጣ የሚበይድ) ተከራየሁ፣ በቀን 900 ብር፣ 0.6 ሽቦ።

የላሜራዎቹ ውስጠኛ ፊት በዚንክ ስፕሬይ ተቀባ። ከላይኛው ላይ በየ4 ሴንቲ 7 ሚሊ ቀዳዳ በድሪል በሳን፤ ቀዳዳው በብየዳ ይሞላና ከሥሩ ካለው ጋር ይያያዛል። ፋብሪካው በነጥብ ብየዳ የሠራውን በዚህ ነው የምንተካው። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ ጫፍ፣ አንድ መሃል። በአንድ መስመር ከሄድክ ሙቀቱ ያጣምምሃል። ከ11 ሰዓት በኋላ የሰፈሩ ኃይል ስለሚወርድ ብየዳው ላይ ተቀምጦ ይቀራል፣ አይገባም። ሁለት ነጥብ በካቻቢቴ ስፈነቅለው ተላቀቀልኝ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ብቻ።

ውሃ ማውረጃዎቹን ራሴ በሳኋቸው። አምስት ቀዳዳ። ሁለቴ ቆጠርኩ።

ጥር 10 ከተራ ነው፣ በማግስቱ ጥምቀት። ሥራ የለም።

ጥር 24

የፊት ሾክ አብሶርበር ማረፊያዎቹን ፈተሽኩ። የዚች መኪና የታወቀ ደካማ ቦታ ነው፤ እዚያ ከበሰበሰ ጉዳዩ የመልክ ሳይሆን የሕይወት ነው። በመዶሻ ጫፍ ኳኳሁ፣ በካቻቢቴ ወጋሁ። ላዩን ብቻ ዝጓል። ተመስገን። ተጠርጎ ዝገት መከላከያ ተቀባ፣ አለቀ።

ቅስቱ ግን አስለቀሰኝ። አዲስ ቁራጭ ጋሼ በአሸዋ ከረጢት ላይ በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጠው አወጡ። ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ 1,500 ብር ያወጣል። እኔ በሚግ በየድኩት። ነጥብ በነጥብ ነው የሄድኩት፣ ግን ምሳ ሳይደርስ ልጨርስ ብዬ ቸኮልኩ። ሲቀዘቅዝ መሃሉ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ገባ ወጣ ይላል። በጣት ስትጫነው "ጷ" ብሎ ይገባል፣ ስትለቀው ይወጣል።

"በጋዝ ቢሆን ኖሮ" አሉ ጋሼ። ይህ የቆየ ክርክራችን ነው። እኔ ጋዝ ሙቀቱ ይሰፋል እላለሁ፤ እሳቸው የጋዝ ብየዳ ለስላሳ ስለሆነ በመዶሻ ይታዘዛል፣ የሚግ ግን ድርቅ ብሎ አይመለስም ይላሉ። ሁለታችንም ትክክል ነን፤ በዚያን ቀን ግን የተበላሸው የኔ ነው።

ጋዙን ለኮሱ። የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ቼሪ እስኪመስል አቀሉ። ከኋላ መደገፊያ ብረት፣ ከፊት ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ ቀስ፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ። ጭስስስ። የተለጠጠው ብረት ተሰበሰበ። ሰባት ቦታ ላይ እንዲህ አደረጉ። ስምንተኛውን እኔ ሞከርኩ፤ አበዛሁትና አዲስ ጎድጓዳ ፈጠርኩ። ዘጠነኛው ለማስተካከል ነበር። "ጷ" ጠፋ።

የካቲት 15

አሁን እኛም ስቱኮ ቀባን። ግቢው ውስጥ ሳቅ ሆነ። መጀመሪያ በባዶው ላሜራ ላይ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ ከዚያ ስቱኮ። ወፍራሙ ቦታ 2 ሚሊ ቢሆን ነው። ማድረቂያውን ሃርድነር አብዝቼ የመጀመሪያው ሳህን እጄ ላይ ደረቀ። ጠዋት ለቅዝቃዜው ብዬ የለመድኩት ልክ በእኩለ ቀን ፀሐይ አይሠራም።

መፈግፈጉ ነው ሥራው። ረጅም እንጨት ላይ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 180፣ ከዚያ 320። በየመካከሉ ጥቁር ስፕሬይ ከሩቅ በስሱ ይነፋል፤ ስትፈገፍግ ጥቁር የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ዓይን ይዋሻል። ጋሼ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ያገኙታል፣ ከስፕሬዩ በፊት።

መጋቢት 13

በልግ ገባ። ፕራይመር የተቀባችውን መኪና ቆርቆሮው በሚያፈስበት በኩል ትቻት ሄጄ ነበር። የላይኛው ፕራይመር ውሃ ይመጥጣል፤ በዚያ ላይ ቀለም ብቀባ ከወራት በኋላ ያብጣል። የግራው ፓራፋንጎና የኮፈኑ ግማሽ እስከ ኤፖክሲው ተፈገፈገ። ሁለት ቀንና ወደ 4,000 ብር። ሸራ 1,100 ብር ነበር። ዋጋው ተወደደብኝ ብዬ ነበር ያልገዛሁት።

ሚያዝያ 9

ሰሙነ ሕማማት ነው፣ ጋሼ አይመጡም። ብቻዬን ቁጭ ከምል ብዬ የሳጥኑን ውስጥ ከዝገት ልከላከል አልኩ። የተቃጠለ ዘይት ከግራሶ ጋር አሙቄ በቱቦ አስገባሁበት። የድሮ ዘዴ ነው፣ ይሠራል።

ሚያዝያ 25

ዘዴው ይሠራል። ከቀለም በኋላ ከሆነ።

ቀለም ጀመርን። የፋብሪካውን ጥቁር ሰማያዊ መረጥን፤ አጎቴ ለቀዩ ሁለት ቀን አለቀሰ። ኮምፕረሰሩ ላይ የውሃ ማጣሪያ ገጠምን፣ ወለሉን በውሃ አረጠብን። የመጀመሪያው ንፍ ኮፈኑ ላይ ቆንጆ ሆነ። ግራው በር ሥር ስንደርስ ቀለሙ መሸሽ ጀመረ። ክብ ክብ ቀዳዳ፣ እንደ ፈንጣጣ። ቀቢው መርጫውን አወረደና "ዘይት አለ" አለ። ከላሜራዎቹ መጋጠሚያ በፀሐዩ ሙቀት ዘይቱ ላብ ላብ እያለ ወጥቷል። ደጋግመን ጠረግነው፤ ደጋግሞ ወጣ።

በዚህ መሃል መብራት ሄደ። እንዲያውም ጠቀመኝ፤ ሁሉም ቁጭ ብሎ ማሰብ ነበረበት።

ያን ጎን እስከ ላሜራ ገፈፍነው። ሳጥኑን በቀዳዳዎቹ በሙቅ ውሃና ኦሞ ሦስት ጊዜ አጠብነው፣ በአየር አደረቅነው፣ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ተውነው። መጋጠሚያው በማሸጊያ ተዘጋ። ቀለም፣ ቲነር፣ የቀቢው ሁለተኛ ቀን፦ 14,500 ብር። ለጋሼ እስኪነግሩኝ ሳልጠብቅ ራሴ ነገርኳቸው። "ሁሉም ሰው ጣሳ አለው" አሉኝ።

ግንቦት 16

ቀለም አልቋል፣ ከላዩ የሚነፋው አንጸባራቂ ሽፋን፣ ክሊሩም ተነፍቷል። ከሩቅ ጥቁር ትመስላለች፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ሰማያዊ። ቀኝ በሩ ላይ አንዲት ትንኝ ክሊሩ ውስጥ ቀርታለች። ትቻታለሁ። የሳጥኑ ውስጥ አሁን ሰም ተረጨበት፤ ቀዳዳዎቹ በሽቦ ተፈትሸው ክፍት ናቸው።

ወጪውን ደመርኩ። ኪራዩን፣ የጋሼን ቀኖችና ቀለሙን ጨምሮ 187,000 ብር። አጎቴ "ታድሳለች" ሲባል በላዩ ከጨመረው ገንዘብ ይበልጣል። ዝርዝሩን ጠይቆኝ ሰጠሁት፤ የሁለተኛውን ቀለም መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ ቆየና ምንም አላለም።

ግንቦት 24

እሑድ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል አወጣናት። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ቸርችል፣ ቁልቁል ወደ ለገሃር፣ ተመልሶ ዳገቱን ወደ ፒያሳ። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ዞርን። ጋሼ ከጎኔ ናቸው፣ ነፋሱ ባርኔጣቸውን እንዳይወስድ በእጃቸው ይዘዋል። በግራው በር በኩል ያለው የድሮ ጩኸት የለም። ሰፈር ስንገባ ኮብልስቶኑ ላይ ግን አንድ ነገር ይንኳኳል፤ የመስኮት ማውረጃው ይመስለኛል።

ሰኔ 7

ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፤ ሆን ብዬ ያለ ሸራ ውጭ አሳድሬያት ነበር። ጠዋት ከሳጥኑ ሥር ጎንበስ ስል አምስቱም ቀዳዳዎች ጠብ ጠብ ይላሉ። የግራውን ምንጣፍ ገለጥኩ፣ ደረቅ ነው። የቀኙን ገለጥኩ።

ርሷል። ማንም ያልነካው ቀኝ። የፊት መስታወቱ ጎሚኒ ሊሆን ይችላል፣ የመጥረጊያው ቀዳዳም ሊሆን ይችላል። ነገ አንድ ልጅ ከላይ ውሃ ያፈሳል፣ እኔ ባትሪ ይዤ ዳሽቦርዱ ሥር እተኛለሁ።